ሃይድራ ያጠኑ የነበሩት ንጉሠ ነገሥት

ሐረር በሄድኩ ቁጥር ጀጎል ውስጥ የራስ ተፈሪ ቤት እየተባለ ወደሚጠራው ባለ ፎቅ ቤት ጎራ ሳልል አልመለስም። ዛሬ ሸሪፍ ሙዚየም የሚገኝበት ነው። በመጨረሻው ጉዞዬ አብሮኝ የነበረው የእህቴ ልጅ ነው፤ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ፣ ለታሪክ ብዙም ደንታ የሌለው፣ ለባዮሎጂ ግን ነፍሱን የሚሰጥ። ሙዚየሙን ዞረን ከወጣን በኋላ በአንዷ ጠባብ መንገድ ላይ ጌጣጌጥ ከሚሸጡ እናት ዘንድ ቆምን። ከብሩ ጌጥ መሐል አንድ የቀይ ዶቃ ሐብል ነበር። እናትየው መርጃን ነው፣ ከባሕር የሚወጣ ነው አሉን። እኔም እንደ አዋቂ ቀደም ብዬ የባሕር ድንጋይ መሆኑን ለልጁ አስረዳሁት። ሳቀብኝ። ድንጋይ ሳይሆን የእንስሳ አፅም መሆኑን፣ እንስሳው ደብተሩ ላይ ስሎ ማርክ ያገኘበት የሃይድራ ዘመድ መሆኑን፣ ኮራልና ጄሊፊሽ የሚባሉትም የዚያው ቤተሰብ አባላት መሆናቸውን እዚያው ቆመን ሌክቸር ሰጠኝ። (የእናትየው ዶቃ እውነተኛ መርጃን ይሁን ብርጭቆ ግን ሁለታችንም መለየት አልቻልንም፤ ዋጋውን ጠይቀን በትህትና ተሰናበትን።)

እኔ በዚያ ሰዓት በሐሳቤ ሌላ ቦታ ነበርኩ። በእነዚያ መንገዶች ስመላለስ የማስበው ስለ አንድ በራስ መኮንን ቤት ስላደገ ልጅ ነው። ልጁ ተክለ ሐዋርያት ይባላል። ከዐድዋ ዘመቻ በኋላ ወደ ሩሲያ ተወስዶ የመድፈኛ ትምህርት የተማረ፣ ኋላም በጃንሆይ ትዕዛዝ የአገራችንን የመጀመሪያ የተጻፈ ሕገ መንግሥት ያረቀቀ ሰው ነው። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ለረቂቃቸው አብነት አድርገው የተጠቀሙበት የጃፓንን ሕገ መንግሥት እንደነበረ ሕግ ያጠና ሁሉ የሚያውቀው ነው። የእህቴ ልጅ ስለ ሃይድራ፣ እኔ ስለ ጃፓን ሕገ መንግሥት እያሰብን ጎን ለጎን ስንራመድ ነበር እንግዲህ አንድ ሰው ትዝ ያለኝ። ሁለቱም ጉዳይ የእሳቸው ነበር። የጃፓኑ ንጉሠ ነገሥት ሂሮሂቶ!

ከ60 ዓመት በላይ የነገሡ፣ በስማቸው ሚሊዮኖች የሞቱበት ጦርነት የተካሄደ፣ ትርፍ ጊዜያቸውን ግን ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍተው ሃይድሮዞአ የሚባሉትን፣ ማለትም ሃይድራን የሚጨምረውን የጄሊፊሽና የኮራል የቅርብ ዘመድ ሲያጠኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ብዙዎቻችን ይህንን ሁለተኛውን ሂሮሂቶ አናውቃቸውም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሂሮሂቶ የተወለዱት ሚያዝያ 29 ቀን 1901 ነው። በቤተ መንግሥቱ ወግ መሠረት ከወላጆቻቸው ተነጥለው በአንድ ጡረተኛ አድሚራል ቤት ማደግ ጀመሩ። አያታቸው፣ ጃፓንን ከፊውዳል አገርነት ወደ ኢንዱስትሪ አገርነት ያሸጋገሩት ሜጂ፣ በ1912 ሲሞቱ ልጁ አሥራ አንድ ዓመቱ ነበር። የትምህርት ቤታቸው ኃላፊ የነበሩት ጄኔራል ኖጊ በሜጂ የቀብር ቀን ከሚስታቸው ጋር ሕይወታቸውን አጠፉ፤ ጌታ ሲሞት አሽከር ይከተላል በሚለው ጥንታዊ ልማድ። አንድ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ከዚህ ምን እንደሚማር ለመገመት ይከብደኛል። ከአምላክ የተወለድክ ነህ፣ ሰው ለአንተ ይሞታል እየተባለ ያደገ ልጅ ነው።

ከዚህ ሁሉ ክብደት የሚሸሽበት አንድ ነገር ግን ነበረው። ነፍሳት መሰብሰብ ይወድ ነበር፤ ቀጥሎ የባሕር ዳርቻ እንስሳት መጡ። ለአልጋ ወራሹ ተብሎ በተቋቋመው ልዩ ትምህርት ቤት ሂሮታሮ ሃቶሪ የሚባሉ የባዮሎጂ መምህር ተመደቡለት። መምህሩ ለልጁ ያደረጉለትን ውለታ ከጄኔራሎቹ የትኛውም አላደረገለትም ብል የተጋነነ አይመስለኝም። የፀሐይ አምላክ ዘር ነው ተብሎ የሚሰገድለት ወጣት ከዳርዊን ጋር ተዋወቀ። በኋላ ዘመን በጥናት ክፍላቸው የዳርዊን ሐውልት ይቀመጥ እንደነበር ይነገራል። ሁለቱን እምነቶች በአንድ ራስ ውስጥ እንዴት አስማሟቸው? ምናልባት አላስማሟቸውም፤ ለየብቻ አስቀምጠዋቸው ይሆናል።

በ1921 ሂሮሂቶ በጦር መርከብ ወደ አውሮፓ ተጓዙ። ከጃፓን አልጋ ወራሾች መካከል ከአገር የወጣ የመጀመሪያው ናቸው። መርከቡ ከኮሎምቦ ተነስቶ በስዊዝ ቦይ በኩል ሲያልፍ ቀይ ባሕርን ከጫፍ እስከ ጫፍ አቋርጧል። ወጣቱ ልዑል በዓለም እጅግ ከበለጸጉት የኮራል ድንበሮች አንዱ በሚገኝበት ባሕር ላይ እየተጓዙ ነበር ማለት ነው። በዚያው ዘመን ከባሕሩ ማዶ፣ የሐረሩ ልጅ ራስ ተፈሪ አዲስ አበባ ላይ እንደራሴ ሆነው አልጋ ወራሽነታቸውን ያደላድሉ ነበር። ሂሮሂቶም ከጉዟቸው ሲመለሱ፣ አባታቸው ስለታመሙ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ እንደራሴ ሆኑ። በ1926 መጨረሻ ዙፋኑን ወረሱ፤ በ1928 የንግሥ ሥነ ሥርዓታቸው ተፈጸመ። ራስ ተፈሪ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1930፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ዘውድ ጫኑ።

የእኛ ሕገ መንግሥት የወጣው በዓመቱ፣ ሐምሌ 1931 ነው፤ በእኛ 1923 ዓ.ም.። አምሳ አምስት አንቀጾች አሉት። የጃፓኑ በ1889 የወጣ ሲሆን ሰባ ስድስት አንቀጾች ነበሩት። ተማሪ ሳለሁ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ ሳነብ ያስገረመኝ የንጉሠ ነገሥቱ ሰውነት ቅዱስና የማይደፈር መሆኑን የሚደነግገው ሐሳብ እንዴት አድርጎ ከቶኪዮ አዲስ አበባ እንደደረሰ ነበር። ሐሳቡ መጀመሪያ ጃፓን የደረሰውም ከአውሮፓ ነው። በዚያው ዓመት መገባደጃ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የልዑካን ቡድን እየመሩ ጃፓን ሄዱ፤ በሂሮሂቶ ፊት ቀረቡ፤ ሲመለሱም ስላዩት አገር መጽሐፍ ጻፉ። ያኔ ጃፓን ለእኛ ሊቃውንት ተስፋ ነበረች። ነጭ ያልሆነ ሕዝብ ራሱን ሳይሸጥ ሊሠለጥን እንደሚችል ማስረጃ።

ኅሩይ በፊታቸው የቀረቡላቸው ሰው በቤተ መንግሥቱ ግቢ ውስጥ ላቦራቶሪ እንደነበራቸው ያወቁ አይመስለኝም። የመጀመሪያው ላቦራቶሪ የተከፈተው በ1925 ሲሆን ከነገሡ በኋላ በ1928 በዋናው ቤተ መንግሥት ግቢ ሌላ ተሠራ። ሂሮሂቶ መጀመሪያ ያጠኑት በበሰበሰ እንጨት ላይ የሚበቅሉ፣ ሻጋታ መስለው ሻጋታ ያልሆኑ ጥቃቅን ፍጥረታትን ነበር። በዚህ ረገድ አንድ የምወደው ታሪክ አለ። ሚናካታ ኩማጉሱ የሚባሉ፣ ዲግሪ የሌላቸው፣ ከባለሥልጣን ጋር የማይግባቡ ሊቅ ነበሩ። በ1929 ንጉሠ ነገሥቱ ወደ አገራቸው ብቅ ሲሉ ስለነዚሁ ፍጥረታት ገለጻ አደረጉላቸው። ለንጉሥ የሚበረከት ነገር በክብር በተሠራ የእንጨት ሳጥን መሆን ሲገባው፣ ኩማጉሱ 110 ናሙናዎቻቸውን በባዶ የከረሜላ ካርቶን አድርገው አቀረቡ! አጃቢዎቹ ክው አሉ፤ ሂሮሂቶ ግን ወደዱት፤ ለዓመታትም አልረሱትም።

ከዚያ በኋላ ወደ ሃይድሮዞአ ዞሩ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም ከእነሱ አልተለዩም። የምርምር ሜዳቸው ከቶኪዮ በስተደቡብ የሚገኘው የሳጋሚ ባሕር ወሽመጥ ነው። ሃያማ በምትባል የባሕር ዳር መንደር ቤተ መንግሥት ስለነበራቸው በጀልባ እየወጡ ከባሕሩ ወለል ናሙና ያስወጡ ነበር።

ለመሆኑ እነዚህ እንስሳት ምንድን ናቸው? ከእህቴ ልጅ የተማርኩትንና ከዚያ ወዲህ ያነበብኩትን ልሞክር። እኛ፣ ውሻው፣ ዓሣው፣ ጉንዳኑ ሁላችንም ፊትና ኋላ፣ ግራና ቀኝ አለን። ለሁለት እኩል የምንከፈለው በአንድ መስመር ብቻ ነው። ጄሊፊሽ፣ ሃይድራና ኮራል ግን ፊትም ኋላም የላቸውም። አፋቸው መሐል ላይ ነው፤ ሌላው አካላቸው ከመሐሉ ወደ ዳር እንደ ጋሪ ጎማ ይዘረጋል። ጀጎልን አስቡት። ከአምስቱ ጥንታዊ በሮች የሚነሱት ዋና መንገዶች ወደ መሐል እየተሰበሰቡ ከተማዋን በአምስት ሰፈር ይከፍሏታል። በየትኛው በር ብትገቡ የከተማዋ ፊት እዚያ ነው። እንዲህ ያለ አካል ያለው እንስሳ ከአራቱም አቅጣጫ ለሚመጣበት ነገር፣ ጠላትም ሆነ ቀለብ፣ እኩል ዝግጁ ነው። ወደፊት መሄድ የሚፈልግ እንስሳ ፊት ያስፈልገዋል፤ አንድ ቦታ ተተክሎ ወይም ማዕበል እየወሰደው የሚኖር ግን ፊት ምን ያደርግለታል?

አንጎል የላቸውም። ነርቮቻቸው እንደ ዓሣ መረብ በመላ አካላቸው ተዘርግተዋል። አካላቸው ሁለት ንብርብር ብቻ ሲሆን በመሐሉ ጄሊ መሰል ነገር አለ። የሚበሉበትና ቆሻሻ የሚያስወጡበት ቀዳዳ አንድ ነው። መሣሪያቸው ግን የሚያስደነግጥ ነው። በአፋቸው ዙሪያ ባሉት ክሮች ላይ የተደረደሩ ልዩ ህዋሳት በውስጣቸው የተጠቀለለ መርዛማ ቀስት ይይዛሉ። የሃይድራ ቀስት ሲነካ የሚወረወረው ከሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ባነሰ ጊዜ ነው። በእንስሳት ዓለም ከሚታወቁት ፈጣን እንቅስቃሴዎች አንዱ ይኸው አንጎል የሌለው ፍጥረት የሚያደርገው ነው።

ሂሮሂቶን የማረኳቸው ሃይድሮይድ የሚባሉት ናቸው። ሲያዩዋቸው ድንጋይ ላይ የበቀለ ሽበት ወይም ትንሽዬ ፈርን ይመስላሉ። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ግን እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ አፍ ያለው፣ በክሮች የተከበበ ፖሊፕ የሚባል እንስሳ ተቀምጧል። ሁሉም ከአንድ እጭ እያጎነቆሉ የወጡ ናቸው፤ ሆዳቸውም በቧንቧ የተያያዘ ነው፤ አንዱ የበላው ለሌላው ይደርሳል። በብዙዎቹ ዝርያዎች ከእነዚህ ቅርንጫፎች ላይ ትንንሽ ጄሊፊሾች እንደ እንቡጥ አብበው ይለያዩና ዋኝተው ይሄዳሉ፤ እነሱ እንቁላልና የወንዴ ዘር ይለቃሉ፤ ከዚያ የሚወጣው እጭ ባሕር ወለል ላይ ተጣብቆ እንደገና ቅርንጫፍ ያወጣል። አንዱ ተተክሎ የሚኖር፣ ሌላው የሚንሳፈፍ፣ ሁለቱም አንድ እንስሳ። በዚህ የተነሳ የጥንት ሊቃውንት የአንዱን ዝርያ ሁለት ኑሮ እንደ ሁለት ዝርያ ቆጥረው ሁለት ስም የሰጡበት ጊዜ ብዙ ነው።

ከዚህም የባሰ አለ። በባዶ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ላይ የሚበቅል፣ ሃይድራክቲኒያ የሚባል ሃይድሮይድ አለ። በአንዱ መንደር ውስጥ የሚበሉ ፖሊፖች፣ የሚራቡ ፖሊፖች፣ የሚዋጉ ፖሊፖች ለየብቻ ናቸው። የሚራባው አፍ የለውም፤ የሚበላው ያጎርሰዋል። ታዲያ ይህ ፖሊፕ ራሱን የቻለ እንስሳ ነው ወይስ የአንድ ትልቅ እንስሳ አካል? የሥነ ሕይወት ሊቃውንት በዚህ ጥያቄ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ተከራክረውበታል።

ይህችን ጥያቄ ሳነብ ወንበሬ ላይ ተስተካክዬ ተቀመጥኩ። ምክንያቱም ልክ ይህችው ጥያቄ፣ በዚያው በሂሮሂቶ ዘመን፣ በጃፓን የሕግ ሊቃውንት ዘንድ ደም ያፋሰሰች ጥያቄ ነበረች። ሚኖቤ ታትሱኪቺ የሚባሉ የሕገ መንግሥት ፕሮፌሰር ንጉሠ ነገሥቱ ከመንግሥት በላይ የቆመ ባለቤት ሳይሆን የመንግሥት አንድ አካል ነው፣ ዋናው ቢሆንም አካል ነው ብለው ያስተምሩ ነበር። ለሠላሳ ዓመት ያህል ትምህርታቸው በዩኒቨርሲቲው ተከብሮ ኖረ። በ1935 ግን የጦሩና የአክራሪዎቹ ጉልበት ሲያይል ሚኖቤ በፓርላማው ከዳተኛ ተባሉ፤ መጽሐፎቻቸው ታገዱ፤ ከላይኛው ምክር ቤት አባልነታቸው ለቀቁ፤ በ1936 መጀመሪያ ደግሞ ተተኩሶባቸው ቆሰሉ። ቅዱሱን ንጉሥ አካል ማለት ድፍረት ነው ተባለ።

የሚገርመው የባለቤቱ አስተያየት ነው። የጦር ረዳታቸው በማስታወሻው እንደመዘገበው፣ ሂሮሂቶ በሚኖቤ ትምህርት ላይ ምንም ጥፋት አላዩበትም። ሕገ መንግሥቱ ራሱ ንጉሠ ነገሥቱን የአገሪቱ ራስ ይለው የለም ወይ፣ ራስስ አካል አይደለም ወይ የሚል መንፈስ ያለው አስተያየት ሰጥተዋል። የሃይድሮይድ ተማሪ ከዚህ ሌላ ምን ይላል? ነገር ግን ይህንን በአደባባይ አልተናገሩም። ሚኖቤ ሲዋረዱ ንጉሠ ነገሥቱ ዝም አሉ። እኔ ሂሮሂቶን ስከስ ከዚህ ዝምታ ነው የምጀምረው።

ዝምታው እኛንም ነክቶናል። ጣሊያን በ1935 ስትወረን ብዙ ጃፓናውያን ከኢትዮጵያ ጎን መቆማቸውን በይፋ ገልጸው ነበር፤ የእኛም ሰዎች ተስፋ አድርገው ነበር። የሂሮሂቶ መንግሥት ግን በ1936 መጨረሻ የጣሊያንን ይዞታ አወቀ፤ ጣሊያን በፋንታው ጃፓን ማንቹሪያ ውስጥ ላቆመችው አሻንጉሊት መንግሥት በሯን ከፈተች። ኅሩይ እንደ ወዳጅ ቀርበው እጅ የነሱት ዙፋን በአምስት ዓመት ውስጥ እዚህ ደረሰ። በ1937 ከቻይና ጋር ጦርነት፣ የናንጂንግ ጭፍጨፋ፣ በ1941 ፐርል ሃርበር ተከታተሉ። በእነዚያ ዓመታት አገር በጦርነት ላይ ሳለች ንጉሠ ነገሥቱ የባሕር ትል መሳይ ነገር ማጥናታቸውን ያልወደዱ መኮንኖች ነበሩ፤ ስለዚህም ጥናታቸውን ድምፅ ሳያሰሙ ነበር የሚያካሂዱት።

ተጠያቂ ናቸው ወይስ አይደሉም? የታሪክ ሊቃውንት እስከ ዛሬ አልተስማሙም። ሄርበርት ቢክስ በ2000 ባሳተሙት የሕይወት ታሪክ ሂሮሂቶ የጦርነቱ ንቁ ተሳታፊ እንደነበሩ ሞግተዋል፤ ሌሎች የፈረሙት የቀረበላቸውን ብቻ ነው ይላሉ። እኔ እንደ ሕግ ሰው የምመዝነው በሁለት ቀን ነው። በየካቲት 1936 ወጣት መኮንኖች ሚኒስትሮችን ገድለው ቶኪዮን ሲቆጣጠሩ፣ ጄኔራሎቹ ሲያመነቱ፣ ሂሮሂቶ በግልጽ አዘው አመፁን አስቀጥቅጠዋል። በነሐሴ 1945 ሂሮሺማና ናጋሳኪ ከነደዱ በኋላ ምክር ቤቱ እኩል ለእኩል ሲከፈል እጅ የመስጠቱን ውሳኔ የወሰኑት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ማዘዝ ይችሉ ነበር። የጦር ኃይሎች ጠቅላይ አዛዥነትንም ሕገ መንግሥቱ ለእሳቸው ነው የሰጠው። በ1937 እና በ1941 ማይክሮስኮፑ ላይ እንደተደፉ መቅረታቸውን አካል ነኝ በማለት ብቻ መሸፈን የሚቻል አይመስለኝም።

ናጋሳኪን ካነሳሁ አንድ ነገር ሳልጠቅስ አልለፍ። ያን ዕለት ከከተማዋ ብዙም ሳይርቅ በፋብሪካ ሥራ ላይ የነበረ ኦሳሙ ሺሞሙራ የሚባል የ16 ዓመት ልጅ ከብልጭታው የተነሳ ለጥቂት ጊዜ ማየት ተስኖት ነበር። ይኸው ልጅ አድጎ አሜሪካ ገባ፤ ኤኮሪያ ከምትባል የምታበራ ጄሊፊሽ፣ እሷም ሃይድሮዞአ ናት፣ አረንጓዴ የሚያበራውን ፕሮቲን ለይቶ አወጣ። ለዚህም ለዓመታት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ጄሊፊሾችን ከቤተሰቡ ጋር በመረብ ሲያጠምድ ኖሯል። ዛሬ የካንሰር ህዋስ ሲሰራጭ በዓይን ለማየት ተመራማሪዎች የሚጠቀሙት ይህንኑ ፕሮቲን ነው። ሺሞሙራ በ2008 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኑ።

ወደ ሂሮሂቶ ልመለስ። አሜሪካኖቹ ለመግዛት ስለፈለጓቸው ለፍርድ አላቀረቧቸውም። ጠቅላይ ሚኒስትራቸው የነበሩት ቶጆና ስድስት ሌሎች ታኅሣሥ 1948 ሲሰቀሉ ጌታቸው ቤተ መንግሥታቸው ውስጥ ነበሩ። ከዚያ በፊት፣ ጥር 1 ቀን 1946 ባወጡት መግለጫ፣ በሥጋ የተገለጡ አምላክ ናቸው የሚለውን እምነት ሐሰት ነው ብለዋል። በ1947 ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱን ሥልጣን የሌለው የአገር ምልክት አደረገው፤ ምልክትነቱም ከሕዝብ ፈቃድ የመነጨ ነው አለ። ሚኖቤ ካሉት በታች ወረዱ ማለት ነው። አካል እንኳ አይደሉም፣ ምልክት ናቸው።

እኛስ? እኛ በ1955 (በ1948 ዓ.ም.) ሕገ መንግሥታችንን ስናሻሽል ቅዱስና የማይደፈር የሚለውን ሐሳብ አልነካነውም። ጃፓን የጣለችውን ልብስ እኛ አጥበን ተኩሰን ለበስነው። በዓመቱ፣ በ1956፣ ጃንሆይ ቶኪዮን ጎበኙ። ከጦርነቱ በኋላ ጃፓንን በይፋ ከጎበኙ የመጀመሪያዎቹ ርዕሳነ ብሔር አንዱ ናቸው። ሁለቱ ንጉሠ ነገሥታት ጎን ለጎን ሲቆሙ አንዱ ሁሉን የሚያዝ፣ ሌላው ምንም የማያዝ ነበር። በኅዳር 1960 አልጋ ወራሹ አኪሂቶ ከባለቤታቸው ጋር አዲስ አበባ መጡ፤ እንግዶቹ ከሄዱ ሳምንታት በኋላ የታኅሣሡ ግርግር ፈነዳ። አሥራ አራት ዓመት ቆይቶ የማይደፈረው ተደፈረ፤ ከቤተ መንግሥት በቮልስዋገን ወጡ። የማይደፈር ተብሎ የተጻፈለት ሰው ራሱን የሚከላከልበት የሕግ ቀዳዳ አልነበረውም፤ ምክንያቱም የሚጠየቅበትም ሥርዓት አልተጻፈለትም።

ሥልጣን የተገፈፉት ሂሮሂቶ ግን ዕድሜያቸው ከገፋ በኋላ ሥራቸው ተጀመረ። በፊት የሰበሰቧቸውን የባሕር ቀንድ አውጣዎች፣ ሸርጣኖችና የባሕር ኮከቦች ሌሎች ሊቃውንት ነበሩ መጽሐፍ የሚያደርጓቸው። በራሳቸው ስም ስለ ሃይድሮይድ የመጀመሪያውን ጥናት ያሳተሙት በ1967፣ በ66 ዓመታቸው ነው። በዚያ ጥናት አንድ አዲስ ወገንና አንድ አዲስ ዝርያ ለሳይንስ አስተዋወቁ፤ ሱዶክላትሮዙን ክሪፕቶላሪዮይደስ ይባላል። ስሙ ያደክማል፤ እኔን የሚስበኝ ከስሙ በኋላ የሚጻፈው ነው፤ ሂሮሂቶ፣ 1967። ግርማዊነታቸው የለም፣ ንጉሠ ነገሥት የለም። የእንስሳት ስም አወጣጥ የራሱ ዓለም አቀፍ ሕግ አለው። በዚያ ሕግ ፊት ንጉሥም ሆነ ዲግሪ የሌለው መምህር ደራሲ ብቻ ነው፤ ቀድሞ ያሳተመ ይቀድማል፤ ከተሳሳተ ማንም ተነስቶ ስሙን ይሰርዝበታል። በ1889 ሕገ መንግሥት የማይደፈሩት ሰው በፈቃዳቸው ሊደፈሩ የሚችሉበት ሕግ ሥር ገቡ።

ጥናቶቹ ቀጠሉ። በ1969 ስለ አማኩሳ ደሴቶች፣ በ1974 ስለ ቦኒን ደሴቶች ጻፉ። በ1977 የወጣው ጥናታቸው ደግሞ ስለ አምስት የሃይድሮይድ ዝርያዎች ሲሆን፣ ዝርያዎቹ የተገኙት ከቀይ ባሕር፣ ከአቃባ ባሕረ ሰላጤ ነው። በሃያ ዓመታቸው በጦር መርከብ ያቋረጡትን ባሕር በ76 ዓመታቸው በማይክሮስኮፕ ተመለሱበት። በ1971 የእንግሊዝ ሮያል ሶሳይቲ በአባልነት ተቀበላቸው። በ1975 አሜሪካን ሲጎበኙ፣ ከኋይት ሃውሱ ግብዣ ሌላ፣ ዉድስ ሆል እና ስክሪፕስ የተባሉትን የባሕር ምርምር ማዕከሎች ማየታቸው የታወቀ ነው። በ1984 ከፓናማ የተገኘ አንድ አዲስ ሃይድራክቲኒያ ሰየሙ፤ ያው የሚበላው የማይበላውን የሚያጎርስበት የፖሊፖች ቤተሰብ ነው። ስሙንም የሰጡት ለአሜሪካዊው የኮራል ሊቅ ለፍሬደሪክ ባየር ክብር ነው።

የዕድሜ ልክ ሥራቸው፣ የሳጋሚ ባሕር ወሽመጥ ሃይድሮይዶች የተሰኘው መጽሐፍ አንደኛ ክፍል፣ በ1988 ታተመ። ያኔ በጠና ታመው ነበር። ጥር 7 ቀን 1989 በ87 ዓመታቸው አረፉ። ሁለተኛው ክፍል በ1995 ወጣ። ናሙናዎቻቸው በአገሪቱ ብሔራዊ የሳይንስ ሙዚየም፣ ጽኩባ በምትባል ከተማ፣ ተቀምጠዋል። ልጃቸው አኪሂቶም ዓሣ አጥኚ ሆኑ።

ይህንን ሁሉ ከጀጎል ስንወጣ ለእህቴ ልጅ በአጭሩ ነገርኩት። ስለ ቶጆ መሰቀልና ስለ ሚኖቤ መቁሰል ዝም ብሎ ሰማኝ። ሰውየው የሠየሟቸው ዝርያዎች ዛሬም በስማቸው እንደሚጠሩ ጠየቀኝ። ያነበብኩትን ነገርኩት። ከዚያ ወደ እናትየው ተመልሰን ያንን ዶቃ እንድንገዛ ለመነኝ፤ ቤት ወስዶ ኮምጣጤ ሊያንጠባጥብበት ነው። እውነተኛ መርጃን ከሆነ አረፋ ያወጣል፣ ብርጭቆ ከሆነ ዝም ይላል አለኝ። ስንመለስ ሱቁ ለዙህር ሰላት ተዘግቶ ነበር።